ሜትሶቮ እንዴት ይኬዳል? አይብ፣ ሽመናና ጫካ ለሚወድ መንገደኛ

ግሪክ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ደሴት፣ ነጭ ቤትና ሰማያዊ ባሕር ነው። ክፋት የለውም። ግን የአገሪቱ አብዛኛው መሬት ተራራ ነው። በሰሜን ምዕራብ፣ ኤፒረስ በሚባለው አካባቢ፣ ፒንዶስ ተራሮች መሐል ሜትሶቮ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከባሕር ወለል 1,160 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ለአዲስ አበባ ሰው ከፍታው ምንም አይደለም። ብርዱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

አብዛኛው ጎብኚ ወደ ሜቴዎራ ገዳማት ሲያልፍ ለምሳ ብቻ ነው የሚያቆመው። ጥብስ በልቶ፣ የፍሪጅ ማግኔት ገዝቶ ይሄዳል። ያስቆጫል። ሜትሶቮ በወተት፣ በሱፍና በእንጨት የኖረች ከተማ ነች። ይህን በአንድ ሰዓት ማየት አይቻልም። ሁለት ሌሊት ስጧት፤ ከቻላችሁ ሦስት።

ከዚህ በታች ያለው ከአዲስ አበባ ለሚነሳም፣ አውሮፓ ለሚኖርም ይሆናል። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1. ወረቀቱን ጨርሱ

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዛችሁ ከኢትዮጵያ የምትነሱ ከሆነ የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋችኋል። ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር ቀድሞ ይከፈታል። ቢዘገይ ቢዘገይ ከ15 ቀን በፊት መግባት አለበት። ግን እስከዚያ አትጠብቁ። የአዋቂ ክፍያ ከ2024 ጀምሮ 90 ዩሮ ነው። የጉዞ ዋስትናው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሕክምና ወጪ የሚሸፍን መሆን አለበት።

ጀርመን፣ ጣሊያን ወይም ሌላ የሸንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያላችሁ ቪዛ አያስፈልጋችሁም። ፓስፖርትና የመኖሪያ ካርዱን ሁለቱንም ያዙ። የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ መቆየት ይችላል።

መኪና ለመከራየት ካሰባችሁ የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም። ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ አገር ቤት እያላችሁ አውጡ።

2. ወራቱን ምረጡ፣ የጾም አቆጣጠሩንም አብራችሁ እዩ

ለእግር ጉዞ ሜይ መጨረሻ፣ ጁን፣ ሴፕቴምበርና ኦክቶበር መጀመሪያ ይመረጣሉ። ጁላይና ኦገስት አቴንስ በሙቀት ስትጋገር ሜትሶቮ ማታ ሹራብ ታስለብሳለች። ኦክቶበር ላይ የጫካው ቅጠል ቢጫና ቀይ ይሆናል። ከዲሴምበር እስከ ማርች በረዶ አለ። አኒሊዮ የምትባለው የማዶ መንደር አጠገብ የበረዶ መንሸራተቻ ስላለ ቅዳሜና እሑድ ሆቴሎቹ ይሞላሉ። ዋጋም ይጨምራል። የምትችሉ ከሆነ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያለውን ምረጡ።

ጁላይ 26 የከተማዋ ዋና ቤተ ክርስቲያን የአጊያ ፓራስኬቪ በዓል ነው። ሰው የባህል ልብሱን ለብሶ አደባባይ ላይ ይጨፍራል። ለዚህ ቀን አልጋ ቀድማችሁ ያዙ።

አሁን ለጾመኛው። ፋሲካ የኛም የእነሱም በአንድ ቀን ነው የሚውለው። በ2027 ለምሳሌ ሜይ 2 ነው። ጾሙ ግን እኩል አይጀምርም። የኛ ዐቢይ ጾም በአንድ ሳምንት ይቀድማል። እኛ ዘወረደን ስንጾም እነሱ ሥጋ ትተው አይብ የሚበሉበት ሳምንት ላይ ናቸው። የካርኒቫሉ ጭፈራም የሚደምቀው በዚያው ሳምንት መጨረሻ ነው። በዚያን ጊዜ ከሄዳችሁ ከተማው በሙሉ በአይብ ሲፈትናችሁ ይሰነብታል።

ፍልሰታም ይለያያል። እነሱ ኦገስት 1 ጀምረው ኦገስት 15 ይፈስካሉ። ኦገስት 15 ለኛ የሱባኤው መካከል ነው። አደባባዩ ጥብስ ጥብስ ይሸታል፤ እናንተ ሽምብራ ትፈልጋላችሁ። ገናንም ዲሴምበር 25 ነው የሚያከብሩት። ለአይቡና ለሥጋው ብላችሁ የምትሄዱ ከሆነ ቀኑን የሁለቱንም አቆጣጠር አይታችሁ ቁረጡ።

3. መንገዱ

ከአቴንስ በአውቶቡስ ለሚሄድ ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ዮአኒና፣ ከዚያ ሜትሶቮ።

ከአቴንስ አውሮፕላን ማረፊያ ኤክስ 93 የተባለው የከተማ አውቶቡስ ኪፊሶስ መናኸሪያ ያደርሳል። ከዚያ ኬቴል የሚባሉት የአገር አቋራጭ አውቶቡሶች ወደ ዮአኒና ይሄዳሉ። ስድስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። መንገዱ ጥሩ ነው። መሐል ላይ በ2004 የተከፈተውን የሪዮ አንቲሪዮ ድልድይ ታቋርጣላችሁ። 2,880 ሜትር ይረዝማል። በቀኝ በኩል ባለው መስኮት ተቀመጡ፣ በግራም ተቀመጡ፣ ባሕሩ አያመልጣችሁም። መቀመጥ ለማይወድ ከአቴንስ ወደ ዮአኒና የአገር ውስጥ በረራም አለ።

ከዮአኒና ሜትሶቮ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውቶቡሱ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ይቀንሳል። ዮአኒና እንደደረሳችሁ መናኸሪያው ውስጥ የመሄጃውንም የመመለሻውንም ሰዓት ጠይቁና በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ሰሌዳው በግሪክ ፊደል ስለሆነ የከተማዋን ስም በግሪክኛ አጻጻፉ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። ሰዓቱ እንደኛ ሳይሆን እንደ ፈረንጅ መሆኑንም አትርሱ።

በመኪና ከሆነ ኤግናቲያ የሚባለውን አውራ ጎዳና ያዙ። ከተሰሎንቄ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከዮአኒና ከአንድ ሰዓት በታች ነው። የመንገድ ክፍያ አለ። ዋሻው ብዙ ነው። ከዮአኒና ሲመጣ የሚገኘው የድሪስኮስ ዋሻ ብቻውን 4.6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስልካችሁ በካታራ ማለፊያ ወደሚሄደው አሮጌ መንገድ ቢመራችሁ በበረዶ ወራት እሺ አትበሉት። በበረዶ ሊዘጋ ይችላል። በዚያ ወቅት የጎማ ሰንሰለትም መኪናው ውስጥ መኖሩን ከአከራዩ አረጋግጡ።

4. ማደሪያ

አደባባዩ አጠገብ እደሩ። ሌላውን ምክር ብትረሱ ይህን አትርሱ። ከተማዋ ገደል ላይ የተለጠፈች ናት። መንገዱ በጠፍጣፋ ድንጋይ የተነጠፈ አቀበትና ቁልቁለት ነው። ጎማ ያለው ሻንጣ እዚያ ላይ ያስለቅሳል። በሸክም የሚያዝ ቦርሳ ይሻላል። ጫማም ዝናብ ሲዘንብ የማይንሸራተት ይሁን።

የምታርፉበት ክፍል ማሞቂያ እንዳለውና መኪና የሚቆምበት ቦታ እንዳለ ቀድማችሁ ጠይቁ። ሌላው፣ ግሪክ ውስጥ ሆቴሎች ለመንግሥት የሚሰበስቡት የአየር ንብረት ክፍያ አለ። በክፍልና በሌሊት ይታሰባል፤ በኢንተርኔት ከከፈላችሁት ዋጋ ውጭ እዚያው ስትደርሱ ሊጠየቅ ይችላል። እንግዳ መቀበያው ላይ አትጨቃጨቁ፤ የሆቴሉ ገንዘብ አይደለም።

5. የመጀመሪያው ከሰዓት፦ አደባባዩና ቤተ ክርስቲያኑ

ዕቃችሁን አስቀምጡና ወደ አደባባዩ ውጡ። ትላልቅ ዛፎች አሉ፤ ከሥራቸው አግዳሚ ወንበር አለ። ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎች ይቀመጡበታል። አንዳንዶቹ የእረኛ ዱላ ይዘዋል፤ አናቱ ጠምዘዝ ያለ ነው። በዝቅታ ድምፅ የሚያወሩት ሁልጊዜ ግሪክኛ አይደለም። የሜትሶቮ ሰዎች ቭላህ ናቸው። ከላቲን የመጣ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ ዛሬ በብዛት የሚናገሩት ትልልቆቹ ናቸው። ግሪክኛ ሁሉም ይችላል። በዕድሜ የገፋ ሰው ስታልፉ "ያሳስ" በሉ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ደግሞ ፈቃድ ጠይቁ።

ቡና አዝዙ። የግሪክ ቡና በትንሽ ስኒ ከነአተላው ይመጣል። ስኳሩ አብሮ ስለሚፈላ ስታዝዙ መናገር አለባችሁ። ያለ ስኳር "ስኬቶ"፣ መካከለኛ "ሜትሪዮ"፣ ጣፋጭ "ግሊኮ" ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ነገር የለም። አንዷን ስኒ ይዞ አንድ ሰዓት መቀመጥ ግን ነውር አይደለም።

አጊያ ፓራስኬቪ ቤተ ክርስቲያን እዚያው ነው። ስትገቡ ጫማ አይወልቅም። የኛ ሰው ልማድ ሆኖበት እግሩ በር ላይ ይቆማል። መግቢያው ላይ ሻማ አለ፤ ሳንቲም አስገብታችሁ ለኩሱ። ትከሻና ጉልበት ይሸፈን። ቅዳሴውን ቆሞ ማስቀደስ ይቻላል። ቁርባን ላይ ግን የእነሱና የኛ ቤተ ክርስቲያን አንድ ስላልሆኑ አትቅረቡ።

ከፊት ለፊት ያለውን የእንጨት መጋረጃ ቅርጽ ቀረብ ብላችሁ እዩት። የወይን ሐረግ፣ ወፍ፣ አበባ ከእንጨት ተፈልፍሎ ወጥቷል። የሜትሶቮ እንጨት ጠራቢዎች በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዚህ ሥራ ስማቸው የታወቀ ነበር። ነገ ሱቅ ስትገቡ ይህ መለኪያችሁ ይሆናል።

6. ሁለተኛው ጠዋት፦ መጀመሪያ ሙዚየም፣ ከዚያ ሱቅ

ቅደም ተከተሉን አትቀይሩ። ብዙ ሰው መጀመሪያ ይገዛል፣ ከዚያ ሙዚየም ገብቶ የገዛው ነገር ምን ያህል ተራ እንደሆነ ያያል።

የቶሲጻ ቤት የአንድ ሀብታም ቤተሰብ መኖሪያ የነበረ ነው። በ1950ዎቹ ታድሶ የባህል ሙዚየም ሆኗል። ግድግዳው እንጨት ለብሷል። መደቡ በሽመና ተነጥፏል። እሳቱ ክፍሉ ውስጥ ነው፤ አጠገቡ መኝታና መቀመጫ። ጉብኝቱ በአስጎብኚ ስለሆነ የመግቢያውን ሰዓትና የሚዘጋበትን ቀን ከሆቴላችሁ አጣሩ። አደባባዩ አጠገብ ያለው በ1988 የተከፈተው የአቬሮፍ የሥዕል ማሳያም አለ፤ የ19ኛውና የ20ኛው ክፍለ ዘመን የግሪክ ሠዓሊዎች ሥራ ይዟል። እንዲህ ላለች ትንሽ ከተማ ከአቅም በላይ የሚመስል ስብስብ ነው።

ይህ ሁሉ ከየት መጣ? ገንዘብ ውጭ ሠርተው ወደ አገራቸው የላኩ ልጆች ስለነበሯት ነው። ሚካኤል ቶሲጻስና ጊዮርጊዮስ አቬሮፍ ግብፅ ሄደው በንግድ ከበሩ። በአቴንስ ያለው ትልቁ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ዛሬም በስሙ ውስጥ ሜትሶቮ አለበት፤ ያሠሩት የዚህች ከተማ ሰዎች ናቸውና። በ1896 የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሎምፒክ የተካሄደበትን የእምነበረድ ስታዲየም ያሳደሰው አቬሮፍ ነው። የ2004 ኦሎምፒክ ማራቶንም ያለቀው እዚያው ስታዲየም ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መካከል ከተማዋ መድከም ስትጀምር ደግሞ ሌላ አቬሮፍ ተነሳ። ኤቫንጌሎስ፤ በኋላ የውጭ ጉዳይና የመከላከያ ሚኒስትር የሆነው። ስዊዘርላንድ ይኖር የነበረውን የቶሲጻ ቤተሰብ ባሮን አሳምኖ በ1947 አንድ ድርጅት አቋቋሙ። ሙዚየሙም፣ የአይብ ፋብሪካውም ከዚያ የወጡ ናቸው። ውጭ አገር ሠርቶ ለመንደሩ ትምህርት ቤት ለሚያሠራ አንባቢ ነገሩ አዲስ አይሆንበትም። እዚህ የገረመኝ ገንዘቡ ሥራ እንዲፈጥር መታሰቡ ነው።

አሁን ወደ ሱቅ። ሽመና የምትገዙ ከሆነ እነዚህን እዩ፦

ጨርቁን ገልብጡት። በእጅ የተሠራ ከሆነ የጀርባው ጥለትም ጥርት ያለ ነው፤ ዳሩ ላይ ትንሽ መዛባት አይጠፋም። ከዳር እስከ ዳር እንደ መስመር ቀጥ ካለ ማሽን ነው።

ትልቅ ከሆነ መሐሉን እዩ። የድሮው ሽመና ዕቃ ጠባብ ስለሆነ ሰፊ ነገር የሚሠራው እንደ ጋቢ ሁለት ቁራጭ ተሰፍቶ ነው። ስፌት የሌለው ሰፊ "የእጅ ሥራ" ጥያቄ ያስነሳል።

አሽቱት። እውነተኛ ሱፍ ትንሽ የበግ ሽታ አለው፣ እጅም ይሻክራል። በጣም የሚለሰልስና የሚያብለጨልጭ ከሆነ ሰው ሠራሽ ክር ሳይገባበት አልቀረም።

ጠይቁ። "የት ነው የተሠራው? ማን ሠራው?" የራሷን ወይም የእናቷን ሥራ የምትሸጥ ሴት ምላሿ አጭር አይሆንም። ከሌላ አገር በካርቶን የመጣ ዕቃ የሚሸጥ ግን ዋጋ ወደ መቀነስ ይሮጣል።

እንጨት ላይ ደግሞ የቢላውን ዱካ ፈልጉ። ማንኪያ፣ ሳጥን፣ የእረኛ ዱላ ሲሆን የተቀረጸው ጎድጓዳ ውስጥ በጣት ሲዳሰስ የሚታወቅ ትንሽ ትንሽ ገጽታ አለው። በማሽን የተጫነ ቅርጽ ለስላሳና ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ሁለት ተመሳሳይ ዕቃ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ወፎቹ መንትያ ከሆኑ ተውት። ብር ለምትፈልጉ እዚህ አትቸኩሉ፤ የብር ሥራ የዮአኒና ሙያ ነው፤ እዚያ ምሽጉ ውስጥ ራሱን የቻለ የብር ሥራ ሙዚየምም አለ።

7. አይቡ

ሱቆቹ መስኮት ላይ ቡናማ ሆኖ በገመድ የተንጠለጠለው ረዣዥም ነገር ሜትሶቮኔ ነው። የላም ወተት ነው፤ እስከ 20 በመቶ የበግ ወይም የፍየል ወተት ሊገባበት ይችላል። ርጎው በሙቅ ውሃ ይለሰልሳል፣ እንደ ሊጥ ይሳባል፣ ቅርጽ ይይዛል፣ ይጨዋል፣ ቢያንስ ሦስት ወር ይበስላል፣ ከዚያ ይታጠናል። ሥራው የጣሊያን ሽታ አለው፤ ያም በአጋጣሚ አይደለም። በዚያ በጠቀስኩት ድርጅት ጊዜ ወጣቶች ጣሊያን ሄደው አይብ አሠራር ተምረዋል። ዛሬ ስሙ በአውሮፓ ሕግ የተጠበቀ ነው፤ ከሜትሶቮ አካባቢ ውጭ የተሠራ በዚህ ስም አይሸጥም።

ከመግዛታችሁ በፊት ቅመሱ። ሻጩ ይቆርጥላችኋል፤ ካልቆረጠ ጠይቁ። ውስጡ ፈዛዛ ቢጫ መሆን አለበት። ጭሱ አፍንጫ ላይ ይምጣ እንጂ ምላስ ላይ አይምረር። ሙሉውን ጥቅል መግዛት ግዴታ አይደለም። ቁራጩን አየር በሌለበት ላስቲክ አሽጉልኝ በሉ፤ አብዛኛው ሱቅ ማሽኑ አለው።

አበሳሰሉ ቀላል ነው። የጣት ውፍረት አድርጋችሁ ቁረጡ። መጥበሻውን ያለ ዘይት በደንብ አግሉት። አይቡን አስቀምጡ፣ አትነካኩት። ሥሩ ወርቃማ ሲሆንና ዳሩ መቅለጥ ሲጀምር አንዴ ገልብጡት። ከሁለት ደቂቃ አያልፍም። አውጡና ሎሚ ጨምቁበት። ወዲያው ይበላ፤ ከቀዘቀዘ እንደ ማስቲካ ይጎተታል።

8. ማዕዱ፣ በተለይ አሳማ ለማይበላ

የሜትሶቮ ምግብ ቤቶች የሥጋ ቤቶች ናቸው። ከሰል ላይ የሚዞር ጥብስ በሽታው ይጠራችኋል። ግን ተጠንቀቁ። ኮንዶሱቭሊ የሚባለው በትልቁ የተሰካው ሥጋ አብዛኛውን ጊዜ አሳማ ነው። ሳሲጁም እንደዚሁ። የተፈጨ ሥጋ ክብም አሳማ ሊቀላቀልበት ይችላል። እነዚህን ስሞች ያዙ፦ "ሂሪኖ" አሳማ፣ "አርኒ" በግ፣ "ካጺኪ" የፍየል ግልገል፣ "ሞስሃሪ" የከብት ሥጋ። "ኦሂ ሂሪኖ" ካላችሁ "አሳማ አልፈልግም" ነው። አስተናጋጁ አይከፋውም።

የሆድ ዕቃ ወዳድ ኮኮሬጺ ያዝዝ። የበግ ጉበት፣ ሳንባና ልብ በአንጀት ተጠቅልሎ ከሰል ላይ ሲዞር የሚውል ነው። ቆዳው ይንኮሻኮሻል። ጥሬ ሥጋ አትጠብቁ።

ከሥጋው ይልቅ ግን እኔ ፒታውን አስቀድማለሁ። ፒታ እዚህ በስስ ሊጥ የተሸፈነ፣ በትሪ የሚጋገር ምግብ ነው። አይብ፣ የጫካ ቅጠል፣ ባሮ ሽንኩርት ይገባበታል። ሊጡ ሳይዳመጥ በበቆሎ ዱቄት የሚሠራም አለ። የቀኑን ፒታ ጠይቁ፤ ከምድጃ የወጣው ይሻላል። ቀዝቃዛ ማታ ከሆነ የትራሃና ሾርባ አዝዙ። ስንዴ በጎምዛዛ ወተት ተቦክቶ፣ ደርቆ፣ ተሰባብሮ የሚቀመጥ የእረኛ ስንቅ ነው።

ለጾም "ኒስቲሲሞ" በሉ። ግን አንድ ጉድ አለ። በእነሱ ሥርዓት ኦክቶፐስ፣ ስኩዊድና ሽሪምፕ የጾም ነው። "ኒስቲሲሞ ነው" ተብሎ እግሩ የበዛ ነገር ሊመጣላችሁ ይችላል። የፒታው ሊጥም ቅቤ ሊኖረው ይችላል። ያለ ሥጋት የሚበላው ፋሶላዳ የሚባለው የነጭ ቦሎቄ ሾርባ፣ ሆርታ የሚባለው ተቀቅሎ የወይራ ዘይትና ሎሚ የሚጨመርበት የዱር ቅጠል፣ ዳቦና ወይራ ነው። ፋሶላዳው ላይ አይብ እንዳይነሰንሱበት አስቀድሙ።

መጠጥ ለሚወስድ፣ ኤቫንጌሎስ አቬሮፍ በ1950ዎቹ መጨረሻ ገደማ 1,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ዳገት ላይ ካበርኔ ሶቪኞን የተባለውን የፈረንሳይ ወይን ተክሏል። ያን ጊዜ እብደት ነው የተባለ ይመስለኛል። ዛሬ ካቶጊ አቬሮፍ የሚባለው የወይን ጠጅ ቤት ከተማው ውስጥ ይጎበኛል። ጺፑሮ የሚባለው ከወይን ጭማቂ ዝቃጭ የሚወጣ አረቄ ነው። ከትናንሽ ሳህኖች ጋር ይመጣል። ሳህኑ ጨዋ ነው፣ አረቄው አይደለም።

9. ተፈጥሮው፦ ከቅርቡ ወደ ሩቁ

ቅርቡ የቅዱስ ኒቆላዎስ ገዳም ነው። ከከተማው በእግር ቁልቁል ወደ ሸለቆው ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ሲመለሱ አቀበት ስለሆነ የበለጠ ይወስዳል። ግድግዳው ላይ የ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሥዕሎች አሉ። ለረጅም ጊዜ በጥላሸት ተሸፍነው ኖረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሲጸዱ ነው ቀለማቸው የወጣው። ውሃ ይዛችሁ ጠዋት ውረዱ።

ትንሽ ራቅ ሲል የአዎስ ምንጮች ሐይቅ አለ። ከ1,300 ሜትር በላይ ላይ የተኛ፣ ለኤሌክትሪክ የተገደበ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። መኪና ያስፈልጋል፤ ከሌላችሁ ከከተማው ታክሲ ደርሶ መልስ ተነጋገሩ። ዙሪያው ጥድ፣ ሣርና የሚግጥ ከብት ነው። ይህ አካባቢ የወንዞች ጣሪያ ነው። አዎስ ወደ አልባኒያ ወርዶ አድሪያቲክ ይገባል። አኬሎዎስ ወደ ኢዮኒያ ባሕር፣ ፒኒዮስ ወደ ኤጂያን። በአንድ ሰንሰለት ተራራ ላይ የዘነበ ዝናብ ሦስት ባሕር ይከፋፈለዋል።

ሩቁ ቫሊያ ካልዳ ነው። በ1966 የተከለለ ብሔራዊ ፓርክ፣ ዛሬ የሰሜን ፒንዶስ ፓርክ አካል። ጥቁር ጥድ፣ ባለ ሰፊ ቅጠል የቢች ዛፍ፣ ከፍ ሲል ደግሞ ነጣ ያለ ቅርፊት ያለው የቦስኒያ ጥድ። ቡናማ ድብና ተኩላ በእርግጥ አሉ። መንገዱ ሻካራ ነው፤ ትንሽ የኪራይ መኪና ይዛችሁ አትግቡ። አካባቢውን ከሚያውቅ አስጎብኚ ጋር ሂዱ፤ ሆቴላችሁ ያገናኛችኋል። ጠዋት በጊዜ ተነሱ። በሙቀት ወራት ከቀትር በኋላ ነጎድጓድ ድንገት ይመጣል። ካርታውን ያለ ኔትወርክ እንዲሠራ አድርጋችሁ አውርዱ። የአደጋ ስልክ 112 ነው።

ድቡን ብዙ አትፍሩ። እያወራችሁ ሂዱ፤ ሰምቶ ይሸሻል። የሚያስፈራው የእረኛ ውሻ ነው። ትልልቅ ናቸው፣ መንጋቸውን ከተኩላ ይጠብቃሉ፣ እናንተንም ከተኩላ ብዙ አይለዩም። መንጋ ካያችሁ በሩቁ ዙሩ። ውሾቹ ከመጡ አትሩጡ፣ ድንጋይ ለማንሳት አትጎንበሱ፣ ዓይን ለዓይን አትግጠሙ። ቁሙ፣ እረኛውን ተጣሩ፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ከመንጋው በተቃራኒ ራቁ። እረኛው ሲጠራቸው ይመለሳሉ።

10. ስትመለሱ

የመጨረሻውን ጠዋት ለግዢ ተዉት። አይብ፣ ትራሃና፣ እና በእቅፍ ታስሮ የሚሸጠውን የተራራ ሻይ ያዙ። ሻይው ቅጠሉ ከነግንዱ ይፈላል፤ ቀላል ነው፣ ሻንጣ ውስጥም አይሰበርም። ወደ ሌላ የአውሮፓ ኅብረት አገር የምትሄዱ ከሆነ አይብና ሳሲጅ ችግር የለውም። ወደ አሜሪካ ግን ሳሲጁን አትሞክሩት። ጠንካራ አይብ አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል፤ ቅጹ ላይ አስመዝግቡት። ወይን ጠጁ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ በልብስ ተጠቅልሎ ይግባ።

ጊዜ ካላችሁ በመጣችሁበት አትመለሱ። በመኪና ወደ ካላምባካ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ የሜቴዎራ ገዳማት እዚያ ናቸው። በአውቶቡስ ከሆነ ወደ ዮአኒና ተመልሳችሁ፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ በልታችሁ ወደ አቴንስ የሚሄደውን ያዙ። የአውቶቡስ ትኬቱን በዋዜማው ቁረጡ። እሑድ ማታ ወደ አቴንስ የሚመለሰው ተማሪ ብዙ ነው።